ውሃው እስከ የት ደረሰ

እሑድ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ጀልባዋ ሣር ላይ ቁጭ ብላ ታየች።

ወደ ቅዳሴ ይሄድ የነበረው ሕዝብ መንገዱ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሐሙስ ዕለት ሐይቅ የነበረው ሁሉ መስክ ሆኗል። ይህ እንኳ ለእኛ ለኪልታርና ሰዎች ብርቅ አይደለም። ቱርሎክ የምንለው ሐይቃችን በየክረምቱ ከመሬት ሆድ ይወጣል፤ ያሻውን ያህል ይቆይና ሜዳው ላይ ባሉት ጉድጓዶች ተመልሶ ይገባል። አንዳንድ ዓመት ለመሄድ ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እንደተቀየመ እንግዳ በሦስት ቀን ውልቅ ይላል። ብርቁ ጀልባዋ ነበረች። መሃል ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ብላ፣ ዙሪያዋን ጤዛ ያዘለ ሣር ከብቧት፣ እሷ ግን ገና ውሃ ላይ ያለች ይመስል።

ውስጧ ሰው ተኝቷል።

እኔ የመንደሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳጅን ነኝ፤ ሩዋን እባላለሁ። የእሑድ ጫማዬን እንዳደረግኩ እርጥቡን ሣር አቋርጬ ሄድኩ። ጠበቃችን ሚስተር ማላኪ ታርፒ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በጀርባቸው ተጋድመዋል። ኮታቸው ተጣጥፎ ከራሳቸው ሥር ገብቷል። መነጽራቸው ታጥፎ ሰደርያቸው ኪስ ውስጥ ነው። ፊታቸው ረጅም ክርክር ሲያዳምጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ይመስላል። ከጀልባዋ አፍንጫ የወረደ ገመድ ሣሩ ላይ ካለ ትልቅ ድንጋይ ጋር ታስሯል።

ከኋላዬ መምህር ሁበርት ኬን ደረሱ። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህራችን ናቸው፤ ከሚስተር ታርፒ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ፣ ካረጁም በኋላ በየእሑዱ አብረው ቼዝ የሚጫወቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ተንበረከኩ፣ ሊጸልዩ ሞክረው ሳል አቋረጣቸው።

«በርዶታል» አሉ። 

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መርምሮ ጨረሰ። «ሰጥመው ነው የሞቱት» አለኝ።

«ጀልባ ውስጥ?»

«የሰጠመ ሰው ተመልሶ ጀልባ ላይ አይወጣም፣ ሳጅን። መነጽሩንም አጣጥፎ ኪሱ አይከትም። ሌላ ሰው ነበረ።»

ኢንስፔክተር ዲግናን ሰኞ ጠዋት ከጎልዌይ ከተማ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጉሙ ተመልሶ ስለነበር መኪናውን ያየኋት በራችን ላይ ስትቆም ነው።

«ማን ነበሩ?» አለኝ ሻዩን እያማሰለ። «ጋዜጣው ያወጣውን ተወው። እናንተ የምታውቋቸውን ንገረኝ።»

ነገርኩት። የአንጥረኛ ልጅ ነበሩ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል አርባ ስድስት ዓመት ጥብቅና ሠርተዋል። ሰነድ አረጋጋጭም ነበሩ፤ ቦስተን የሞተ አጎት ውርስም ይሁን ሲድኒ ላለች እህት የሚላክ ውክልና፣ ባህር የሚሻገር ወረቀት ሁሉ በሳቸው ፊት ካልተፈረመና ማኅተማቸው ካላረፈበት ዋጋ የለውም። ከሥራ በኋላ ደግሞ ይጽፋሉ። «ፊርማና ምስክርነት» የሚለው መጽሐፋቸው ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ስምንት መቶ ገጽ ነው፤ የደብሊን ዳኞች እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ አያርቁትም ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ የክብር ካባ ያለበሳቸው ጊዜ ካባውን መልሰው በዚያው ቀን አውቶቡስ ኪልታርና ገቡ፤ ለማግስቱ በአህያ መተላለፊያ የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች ቀጥረዋቸው ነበር።

«ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ንግግር ነበረች» አልኩት። «'ጠበቃ የደንበኛውን ይናገራል፤ ሰነድ አረጋጋጭ ያየውን ይጽፋል። እኔ ሁለቱንም ነኝ፤ ሁለቱ ሲጣሉብኝ ግን የምሰማው ሁለተኛውን ነው' ይሉ ነበር።»

«ጠላትስ?»

«አንድ ብቻ። ባርትሊ ፋሂ።»

ሐይቁ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው ሣር የሃያ ቤተሰብ የጋራ ግጦሽ ነው። የዛሬ ዘጠና ዓመት የተጻፈው ሰነድ ድንበሩን ሲወስን «የክረምቱ ውሃ እጅግ በሞላ ጊዜ እስከሚደርስበት» ይላል። ዳር ላይ የፋሂ የድንጋይ ካብ አለ። ፋሂ «ውሃው ካቤን ተሻግሮ አያውቅም፤ ከካቡ ወዲያ ያለው አሥራ አንድ ኤከር የኔ ነው» ይላል። ሃያዎቹ «ይሻገራል፤ የኛ ነው» ይላሉ። ያለዚያ መስክ ግማሾቹ ላሞቻቸውን በጋውን ማሻገር አይችሉም፤ ሸጦ እንግሊዝ አገር መግባት ነው። ከሃያዎቹ አንዱ የሆኑት መምህር ኬን ሌሎቹን አስተባብረው ወደ ሚስተር ታርፒ ወሰዷቸው፤ ክርክሩ ሊሰማ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሌላው የሚስቴ ወንድም ኮልማን ነው፤ ይህንንም ለኢንስፔክተሩ አልደበቅኩም።

«ፋሂ ዝቷል?»

«ባለፈው ወር ገበያ መሃል ለሚስተር ታርፒ 'እግርህ መሬቴን ቢረግጥ ያ ውሃ ይብላህ!' አላቸው። መቶ ሰው ሰምቷል።»

ኢንስፔክተሩ በመስኮቱ ወደ ጉሙ ተመለከተ። «ውሃውም ሰምቷል ማለት ነው» አለ።

ዴልያ ሄሽን ለሠላሳ አንድ ዓመት የሚስተር ታርፒን ጽሑፍ በታይፕ የመታች ሴት ናት። ስንገባ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ከማሽኑ ፊት ተቀምጣ ነበር።

«ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ወጡ» አለች። «'ውሃው ዛሬ ጫፉ ላይ ነው፤ ነገ መሸሽ ይጀምራል፤ በዐይኔ ልየው' አሉ። የኪስ ማስታወሻቸውን ያዙ። አንድ ጥቅል ቀይ ጥብጣብም፤ ያ ሰነድ የምናስርበት።»

«ማስታወሻውን ኪሳቸው ውስጥ አላገኘንም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለምን በጀልባ ሄዱ?»

«በመሬት ሄደው እንዳያዩ ፋሂ መች ያሳልፋቸዋል? ኮልማን ጀልባውን አውሷቸው ነበር።»

«ዓርብ ሳይመጡ ሲቀሩ እርስዎ አልደነገጡም?»

«ዓርብ በጠዋቱ አውቶቡስ ደብሊን ቤተ መጻሕፍት ሊሄዱ ነበራ! በየወሩ ይሄዳሉ።» እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች፤ አልመታችም። «ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ መብራት ሥር ሆነው ሲያነቡ ነበር በሐሳቤ የማያቸው። ምሳ ረስተው እንዳይውሉ ብዬ እየተጨነቅኩ።»

ከሰዓት በኋላ ከኢንስፔክተሩ ጋር የሐይቁን ሆድ አቋርጠን ሄድን። ከአራት ቀን በፊት በዚያ ሰዓት ከራሳችን በላይ ውሃ ነበር። ጉሙ ድምፅ ይውጣል፤ የገዛ እርምጃችን ከሌላ ሰው እግር የሚመጣ ይመስል ነበር። ሐይቁ ሥር የኖሩት ቋጥኞች ጥቁር ጸጉር የመሰለ ነገር አብቅለዋል። ኢንስፔክተሩ አንዱን እንደ ድመት ደባበሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ የሚተኛበት ድንጋይ ሁሉ ያበቅለዋል» አልኩት ሳላስብ።

ከዚያ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ፋሂ ካብ ይወጣል። ካቡን ዘለን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ጥቂት እርምጃ ላይ አንዲት አጭር የእሾህ ዛፍ አለች። ዝቅ ያለው ቅርንጫፏ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮ ጤዛ ያንጠባጥባል።

«እዚህ ደርሷል ማለት ነዋ!» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሚስተር ታርፒ አዩ፣ ምልክት አሰሩ፣ ጻፉ። ፋሂ መስኩን ማጣቱ ነው። ማስታወሻውም አብሮ ጠፋ።»

ኮልማን ላሞቹን እንደማይሸጥ ወዲያው ታየኝና ደስ አለኝ። ሬሳ ቤት ያሉት ሰውዬ ትዝ ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አፈርኩ። ኢንስፔክተሩ ጥብጣቡን ሳይፈታ ቅርንጫፉን በቢላ ቆርጦ ያዘው።

ባርትሊ ፋሂ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንደላጤ ነው፤ ትከሻው እንደ በር ሰፊ። ጣቢያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ከብት ገበያ።»

«ገበያው በጉሙ ምክንያት ሳይቆም ቀርቷል።»

ፋሂ ባርኔጣውን አሽከረከረ። «እንግዲያው ሌላ ቦታ ነበርኩ።»

«የት?»

«ከምነግራችሁ እሰሩኝ።»

አሰርነው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ድንች እየበላ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ግድግዳውን እያየ ዋለ። ወደ አመሻሽ መምህር ኬን ጣቢያ መጡ።

«ባርትሊ አፉ ክፉ ነው» አሉ። «እጁ ግን ክፉ አይደለም። በአራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ዝንብ ሲገድል እንኳ አላየሁትም። ልቀቁት።» ሳል አፈናቸው። ውሃ ቀዳሁላቸው።

«ክፉ ሳል ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከያዝዎት ቆየ?»

«ዓርብ ጠዋት ነው የጀመረኝ። ዕድሜ ነው፣ ሌላ ምን አለው!» አሉና ወጡ። ጉሙ ወዲያው ሸፈናቸው፤ ሳላቸው ብቻ ትንሽ ቆይቶ ተሰማ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከጎረቤት ከተማ አንዲት ሴት በብስክሌት መጣች። ብሪጂ ጎርማሊ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ጨርቅ ነጋዴ። ጓንቷን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«ባርትሊ ፋሂን አስራችኋል አሉ። ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነበር።»

«ምን ሲያደርግ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሲደንስ!»

ከእስር ክፍሉ ጩኸት መጣ፦ «ብሪጂ፣ በእግዜር ዝም በይ!»

«ዝም አልልም! ከምትሰቀል ቢሳቅብህ አይሻልም?» ወደ እኛ ዞረች። «በየሳምንቱ ሐሙስ ዋልስ አስተምረዋለሁ። ሁለት እህቶቼ ተቀምጠው ያያሉ፤ ጠይቋቸው። ባለፈው ሐሙስ ብቻ ሰባት ጊዜ እግሬን ረግጦኛል። ላሳያችሁ?»

«ግድ የለም» አለ ኢንስፔክተሩ።

እህቶቿን ጠየቅን። ቃላቸው አንድ ነበር፤ ታናሺቱ እንዲያውም ስምንት ጊዜ ነው አለች። ፋሂ ሲፈታ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር።

ጀልባዋ የኮልማን ናትና ቀጥሎ እሱን ጠራን። እኔ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፤ ጥያቄውን ለኢንስፔክተሩ ተውኩ።

«ጀልባዋን ረቡዕ ዕለት አሰናድቼ ዳር ላይ ተውኩላቸው» አለ ኮልማን። «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት የአሮጊቷ የወይዘሮ ሌይደን ቀብር ነበር። ሃያዎቹም እዚያ ነበርን። የሐዘን መዝገቡ ይመስክር፤ ሁላችንም ፈርመናል።»

«ማን ማን እንደነበረ በዐይንህ አይተሃል?»

«በዚያ ጉም? ቄሱን እንኳ ያወቅናቸው በድምፃቸው ነው። ግን ሁሉም ነበረ። መምህር ኬን ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ሳላቸውን ሰምቻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሻዩን ማማሰል አቆመ። ከዚያ ቀጠለ። 

ሐሙስ ጠዋት ቅርንጫፉን ይዘን ወደ ዴልያ ሄድን። ኢንስፔክተሩ ጥብጣቡ ከቢሮው የወጣ መሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጥለት ፈልጎ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጥብጣቡ የኛ ነው» አለች። «ያሰረው ማነው?»

«ሚስተር ታርፒ ናቸዋ።»

«እኮ አይደሉም!» ከመደርደሪያው አንድ የሰነድ ጥቅል አወረደች። አንዲት ዘለበት ያላት ቋጠሮ ነበረች፤ ጫፏን ሳብ ስታደርገው ጥብጣቡ ተፈታ። ሌላ አወረደች፤ እሱም እንዲሁ። «አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺን ብቻ ነው ያሰሩት። 'ወረቀት ለመክፈት ጥርስ ማስፈለግ የለበትም' ይሉ ነበር። ይሄንን እዩት፤ ሁለቴ ተቋጥሮ ጠብቋል። የሌላ ሰው እጅ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን እንኳ በትክክል ሳያደርግ ወደ ሐይቁ ሄደ፤ ተከተልኩት። ካቡ ጋ ሲደርስ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየነካ ተራመደ።

«ሳጅን፣ ውሃ የሚተኛበት ድንጋይ ሁሉ ያንን ጥቁር ነገር ያበቅላል አላልከኝም?»

ካቡ ነጭ ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ በዚህም በዚያም በኩል፣ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ነጭ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ጥቁሩ ከካቡ አሥር እርምጃ ወዲህ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያው መስመሩ ላይ ሌላ የእሾህ ዛፍ አለች፤ እሾኋ ላይ አንዲት ቀይ ክር ተንጠልጥላ ቀርታለች።

«ሚስተር ታርፒ ያሰሩት እዚህ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ኋላ ሌላ ሰው ፈትቶ ካቡን አሻገረው። ውሃው ዘንድሮም፣ ከዚያም በፊት፣ ካቡ ደርሶ አያውቅም።»

«ታዲያ ሊጽፉ የነበረው…»

«በገዛ ደንበኞቻቸው ላይ ነው። አንተው ነህ የነገርከኝ፤ ሁለቱ ሲጣሉባቸው የሚሰሙት ሁለተኛውን ነው።»

ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ጠላት ያልነው ፋሂ የሚስተር ታርፒ መኖር የሚጠቅመው ብቸኛ ሰው ነበር። ሞታቸው የሚጠቅመው ሃያ ቤት ነው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ፋሲካን ስበላ ኖሬያለሁ።

ኢንስፔክተሩ ባረፈበት ቤት ማታ ማታ የሚስተር ታርፒን መጽሐፍ ሲያነብ ሰንብቷል። የሐዘን መዝገቡን አስመጥቶ ከአጠገቡ ዘረጋውና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ፊርማ የእጅን ሥራ ያሳያል፤ ሰውየው በሰዓቱ በቦታው መቆሙን አያሳይም። ሰዓቱን ያልጻፈ ምስክር ግማሽ ምስክር ነው።»

ከዚያ ስሞቹን በጣቱ ተከተለ። የአሥራ ዘጠኙ ቤተሰብ ፊርማ በሐሙሱ ገጾች ላይ ተበታትኗል። የመምህር ኬን ግን በፖስታ ቤቷ ሠራተኛና በአውቶቡሱ ሹፌር መካከል ነበር። ሁለቱን ጠየቅናቸው። ሐሙስ ሥራ ስለነበረባቸው ለቅሶ የደረሱትም የፈረሙትም ረቡዕ ነው።

«ሳላቸው ደግሞ የጀመረው ዓርብ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ኮልማን ሐሙስ የሰማው የሌላ ሰው ሳል ነው። በጉም ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያየ ይመስለዋል።»

መምህር ኬን በራቸውን ሳናንኳኳ ከፈቱልን። ሦስት ስኒ አቅርበው ነበር።

«ዘገያችሁ» አሉ። «እሑድ ትመጣላችሁ ብዬ ነበር።»

ተቀመጥን። እሳቱ ቀስ ብሎ ይነዳል። ስንጠብቅ ራሳቸው ጀመሩ።

«ማላኪ መቅዘፍ አይችልም። ዳር ላይ ጠብቄው አብረን ገባን። ጉሙ የሐይቁ ቅጥያ ይመስል ውሃ የት እንደሚያልቅ፣ ሰማይ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ካቡ ብቅ ሲልልን ውሃው አሥር እርምጃ ቀርቶት ቆሞ ነበር። ማላኪ ብዙ ጊዜ አየው። ጥብጣቡን አሰረ። ጻፈ። ከዚያ 'አዝናለሁ፣ ሁበርት' አለኝ። በቃ።»

«ለመኑት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስንመለስ፣ መሃል ላይ። አታቅርበው አልኩት። ስጀምር ሰባ ሁለት ልጅ ነበር የማስተምረው፤ ስወጣ አሥራ ዘጠኝ። በየዓመቱ ስም ስጠራ መዝገቡ ያጥራል። 'ይሄ መስክ ከሄደ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ማላኪ፤ ማን አየህ? እኔና አንተ ብቻ ነን' አልኩት። 'ቢደርስ ኖሮ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን አልደረሰም' አለኝ። ማስታወሻውን ከእጁ ነጠቅኩት። ሊቀማኝ ተነሣ፤ ጀልባዋ ዘነበለችና ውሃው ውስጥ ወደቀ።»

 ቀኝ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተዘጋ።

«መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር። መዘርጋት ብቻ ነበረብኝ። አየኝ፤ አየሁት። እስከ ሃያ የሚያስቆጥር ያህል ጊዜ ነው፣ ኢንስፔክተር። ለሕፃናት ስንት ሺህ ጊዜ ያስቆጠርኩትን። ከዚያ ዘረጋሁለት። አልያዘውም።»

እኔ ወደ እሳቱ አየሁ።

«ሳወጣው እንደ ወፍ ቀላል ነበር። እሱን ጀልባዋ ውስጥ እንደያዝኩ ወደ ዳር ተመልሼ ጥብጣቡን ፈታሁ፣ ካቡን ዘልዬ ወዲያ ማዶ አሰርኩት። እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው የማይ ያህል ነበር። ኮቱን ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ጉድጓዶቹ ጎትተው እንዳያስቀሩት ጀልባዋን ከድንጋይ ጋር አሰርኩና ደረቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ሞቱን ቻልኩት። ሳይገኝ መቅረቱን ግን አልቻልኩም።»

«ማስታወሻውስ?»

ተነሥተው ከሰዓቱ ኋላ አወጡት። ጠርዙ ውሃ ነክቶት አብጧል።

«የማላኪን የእጅ ጽሑፍ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ እሳቱ ፊት ቆሜያለሁ።»

የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፣ ማርች 9፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20። በዐይኔ አየሁ። ውሃው በሙላቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ከፋሂ ካብ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ይህ ለደንበኞቼ አይበጅም። ማላኪ ታርፒ፣ ሰነድ አረጋጋጭ።»

ኢንስፔክተሩ መምህር ኬንን በመኪናው ይዞ ሊሄድ ሲል ማስታወሻውን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፤ የመስኩን ክርክር ለሚሰማው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንዳደርስ።

«ለምን እኔ?» አልኩት።

«ከሃያዎቹ አንዱ የሚስትህ ወንድም ስለሆነ ነዋ» አለኝ፤ ሞተሩን አስነሣ።

በአቋራጩ፣ በሐይቁ ሆድ ሄድኩ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤ ደረቅ ቅጠል ይዞ ይሽከረከራል፣ ይውጣል፣ ሌላ ይይዛል። እዚያ ቆምኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ፖስታው ላይ ነበር። ሰው የእግሩ ጫማ ሊያዳልጠው፣ የያዘው ወረቀትም ሊያመልጠው ይችላል። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ኮቴ ግን ርሶ ነበር። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩና አደረስኩ።

መስኩ ለፋሂ ሆነ። በመከር ሰባት ቤተሰብ ከብቱን ሸጠ። ፋሂ፣ ብሪጂ ጎርማሊን ካገባ በኋላ፣ ለቀሩት በበጋ መስኩን ላካፍላችሁ ብሎ ነበር፤ ጥቂቶቹ ተቀበሉ፤ ኮልማን ግን «ከሱ እጅ ሣር ከምቀበል እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ገብቼ ፋብሪካ እጠርጋለሁ» ብሎ ሄደ። ሚስቴ ወር ሙሉ «ምሳህን ብላ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችኝም። ትምህርት ቤቱ በሁለተኛው ዓመት ተዘጋ።

መምህር ኬንን እስር ቤት በዓመት አንዴ እጠይቃቸዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ስሄድ በጣም ከስተው ነበር፤ ዐይናቸው ግን ያው የመምህር ዐይን ነው። ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቼ አወራን። ሰዓት ሊሞላ ሲል ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሩዋን፣ ያን ዕለት መቅዘፊያውን ወዲያው ዘርግቼለት ቢሆን፣ ለወዳጅነታችን ሲል ይተወው ነበር ትላለህ?»

ልዋሽላቸው ፈለግኩ። «አይመስለኝም፣ መምህር።»

ሳቁ። ከእሑዱ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«በጭራሽ አይተወውም! እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ልብሱን እየጨመቀ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ 'ሁበርት፣ ስንት ሰዓት ሆነ? መውደቄም ይጻፍ' ይለኝ ነበር።»

ሳቃቸው ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ጠባቂው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።